የጎረቤት ፍቅር ልብ ወለዴ ለምን ቆመብኝ?

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦

«ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። የመጀመሪያ ልብ ወለዴን እየጻፍኩ ነው። ታሪኩ ደብረ ሲና ላይ ነው። አዜብ ፎቶ ኮፒ ቤት አላት። ዮናስ አዲስ አበባ ሲሠራ ቆይቶ እናቱ ሲታመሙ የተመለሰ የጎረቤቷ ልጅ ነው። እናቱ መንገደኛ የሚያስተናግዱበት ምግብ ቤት አላቸው። ሁለቱ ቀስ በቀስ ይዋደዳሉ። 180 ገጽ ደርሻለሁ። ያነበቡልኝ ሁሉ ‹ይጣፍጣል፣ ግን ምንም አይፈጠርም› አሉኝ። አንዷ ጓደኛዬ ሀብታም ተቀናቃኝ ጨምሪበት አለችኝ። ሌላው ደግሞ መጨረሻ ላይ አዜብን ግደያት፣ ሰው ያለቅሳል አለኝ። ምን ላድርግ? አጭር ታሪኩንና አራት ምዕራፍ ልኬልዎታለሁ።»

የላክሽልኝን በሁለት ቀን ጨረስኩት። ጋሼ ብለሽ ስለጀመርሽ አንቺ ብልሽ ቅር አይልሽም ብዬ ልቀጥል።

በቅድሚያ አዜብን አትግደያት። ፈተናው ይገባኛል። የጣርማበር ጠመዝማዛ መንገድ አጠገብሽ ነው። ጉሙ አለ፣ ገደሉ አለ፣ ሲኖትራኩ አለ። እኔም መጨረሻቸው ላይ መኪና የሚገለበጥባቸው ረቂቆች ብዙ አንብቤያለሁ። አንባቢ ያለቅስ ይሆናል። ግን አዜብን የገደላት ፍሬን እንጂ ታሪኩ አይደለም። አንባቢም ሲነቃ ይህ ይገባዋል፤ ያኔ ይናደድብሻል።

በእርግጥ የእኛ አንባቢ ከፍቅር ታሪክ ሞት መጠበቅን የለመደው በከንቱ አይደለም። በ1958 ዓ.ም. የታተመውን የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» አስቢ። ሰብለ ወንጌል የፊታውራሪ ልጅ ናት። በዛብህ እሷን ለማስተማር የተቀጠረ የድሃ ልጅ ነው። በዚያ ዘመን ሥርዓት በመካከላቸው ያለው ግንብ በቀላሉ የሚፈርስ አልነበረም። መጨረሻው ከመነሻው የተዘራ ነው። ያንቺዎቹ መሀል ያለው ግን የጭቃ ግድግዳ ነው። በዚያ ላይ ድምፅ ያሳልፋል። ለጭቃ ግድግዳ መቃብር አይመጥነውም።

ሀብታሙ ተቀናቃኝም ይቅር። በነጭ ቪ8 የሚመጣውን ሰውዬ በየድራማው አይተነዋል። መጥቶ ያስፈራራል፣ የአዜብን እናት በገንዘብ ይፈትናል፣ ከዚያ ተሸንፎ ይሄዳል። እሱ ከሄደ በኋላ አዜብና ዮናስ ምን ሆኑ? እንደነበሩ ናቸው። መቶ ገጽ ጨምረሽ ተመልሰሽ እዚያው።

አሁን ወደ ዋናው እንምጣ። እንቅፋቱ ረቂቅሽ ውስጥ አለ። አንቺ ግን ለጌጥ ነው የተጠቀምሽበት። ቡናው አለ፣ አጥሩ አለ፣ የተበደረ ምጣድ አለ። ሁሉም «እንዴት ደስ ይላል የሠፈር ኑሮ» ለማለት ገብተዋል። ሁለት የማይተዋወቁ ሰዎች አዲስ አበባ ተገናኝተው፣ ተዋደው፣ ቢለያዩ እሱ በሜክሲኮ እሷ በቦሌ ይሄዳሉ። ስልክ ቁጥር ይሰረዛል፣ አለቀ። አዜብና ዮናስ ቢለያዩስ? በማግስቱ ጠዋት አንድ ቦኖ ላይ በጀሪካን ይሰለፋሉ። የሁለት ቤት ቡና ይቆማል። የሃያ ዓመት ወዳጅ የሆኑት እናቶች ቤተ ክርስቲያን ሲተላለፉ ጎንበስ ብለው ብቻ ያልፋሉ። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል እንላለን፤ የተጣላሽው ጎረቤት ግን የትም አይሄድልሽም።

ስለዚህ አንባቢሽ መፍራት ያለበት ለጉርብትናው ነው። ልጆቹም የሚፈሩት እሱን ነው። ዮናስ 90 ገጽ ሙሉ ያልተናገረው ዓይን አፋር ስለሆነ ነው ብለሻል። ዓይን አፋርነት ለሃያ ገጽ ይበቃል። ከዚያ በኋላ አንባቢ «ተናገርና ገላግለን» ማለት ይጀምራል። ዝም ያለው እናቱ የታመሙ ጊዜ ሌሊት ተነስታ ያስታመመቻቸው የአዜብ እናት ስለሆነች ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው። አሁን ዝምታው ዋጋ አለው። አፉን ከፈተና ነገሩ ከከሸፈ ለእናቱ ማን ይደርስላቸዋል?

አንድ ሥራ ልስጥሽ። ጽሑፉን ለሳምንት አስቀምጪው። አንድ ደብተር ክፈቺና በሁለቱ ቤት መካከል በሃያ ዓመት ውስጥ ያለፈውን ሁሉ መዝግቢ። ማን ለማን እርሾ ሰጠ? የአዜብ አባት ያረፉ ዕለት ማን ገነዛቸው? ሦስቱን ቀን እንጀራ የጋገረው ማን ነው? እቁቡ ለማን ሲወጣ ለማን ተላልፎ ተሰጠ? የማን በግ የማንን ጎመን በላ? የማን ቤት ቁልፍ ማን ጋ ይቀመጣል? ሳህን እንኳ አትርሺ። በእኛ አገር ከጎረቤት የመጣ ሳህን ባዶውን አይመለስም። የዮናስ ቤት ጥብስ አድርጎ ይልካል፣ የአዜብ ቤት ቆሎ ሞልቶ ይመልሳል። ያ ሳህን ሃያ ዓመት ሲመላለስ ኖሯል። አንድ ቀን ባዶውን ቢመለስ ምን ማለት ነው? አየሽ፣ ማንም ሳይጮህ፣ ማንም ሳይሞት፣ አንድ ምዕራፍ አገኘሽ።

ምዝገባውን ስትጨርሺ አንድ ትልቅ ነገር ታገኛለሽ ብዬ እገምታለሁ። እኔ ሳነብ ዘልዬው ልሄድ ነበር። ምዕራፍ ሁለት ላይ የአዜብ እናት የዮናስን ታናሽ እህት ክርስትና እንዳነሷት በአንድ ዓረፍተ ነገር ጠቅሰሻል። ከዚያ ረስተሽዋል። እህቴ፣ ይኼ እኮ ቦምብ ነው! ሁለቱ ቤቶች አበልጅ ናቸው ማለት ነው። በአገሩ ሕግ በኩል የሚያግዳቸው የለም፤ ዕድሜያቸውም 18 ካለፈ ቆይቷል። በኦርቶዶክስ ሥርዓት ግን የክርስትና ልጅና የክርስትና እናት ልጆች እንደ ሥጋ ወንድምና እህት ይቆጠራሉ፣ አይጋቡም። ዮናስ ራሱ የክርስትና ልጅ አይደለም፣ እህቱ ናት። ስለዚህ ጉዳዩ ያከራክራል። ለልብ ወለድ የሚመቸው ደግሞ የሚያከራክር ነገር ነው። ጭልጥ ያለ ክልከላ ቢሆን ታሪኩ ገጽ 20 ላይ ያልቅ ነበር። አሁን ግን የአዜብ እናት የንስሐ አባት አንድ ነገር ይላሉ፣ የዮናስ እናት የንስሐ አባት ሌላ። አንዷ እናት «ነውር ነው» ትላለች፣ ሌላዋ «ምን አለበት» ትላለች። «ምን አለበት» የምትለው የትኛዋ ብትሆን ይሻላል? እኔ ብሆን በጣም ጸሎተኛዋን አደርጋት ነበር። ልፋቱ ግን ያንቺ ነው።

አንድ ሰው «ይህ የአያቶቻችን ጉዳይ ነው፣ የዛሬ ወጣት ግድ የለውም» ሊልሽ ይችላል። አዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ምናልባት። ከፎቅ በታች ያለውን ሰው ስም የማናውቅ ሰዎች ነን። ደብረ ሲና ግን ልጆቹ ግድ ባይኖራቸውም ግድ ካላቸው ሰዎች ጋር አንድ ግድግዳ ይጋራሉ።

ሁለተኛው ያባከንሽው ሀብት ፎቶ ኮፒ ቤቱ ነው። እሱን ሳነብ እጄን አፌ ላይ ጫንኩ። በትንሽ ከተማ ውስጥ ከቄሱ ቀጥሎ ምስጢር የሚያውቅ ሰው ማን እንደሆነ ታውቂያለሽ? ፎቶ ኮፒ የምታነሳው ልጅ ናት። የፍርድ ቤት ክስ በእሷ በኩል ያልፋል። የፍቺ ወረቀት፣ የካርታ ኮፒ፣ የሐኪም ማስረጃ፣ የትምህርት ውጤት ሁሉ ያልፋል። ዲቪ ሲሞላ የምትሞላው እሷ ናት። ማን ማንን ሚስቴ ብሎ እንዳስገባ ታውቃለች። አንቺ ግን ሱቁን ሁለቱ የሚተያዩበት ቦታ ብቻ አድርገሽዋል። ማሽኑ ወረቀት ሲውጥ ይሳሳቃሉ። ደስ ይላል፣ ግን ለምን ወረቀቱን አታነብም?

እዚያው ረቂቅሽ ውስጥ ገጽ 12 ላይ ስለ ዮናስ «ታላቅ ወንድሙ አሜሪካ ነው» ብለሽ ጥለሽዋል። አንሺው። ወንድምየው ወደ ደብረ ሲና የመመለስ ሐሳብ የለውም። እናቱ የሚኖሩበት፣ በእሱ ስም ያለው ቤት ተሽጦ እናትየው አዲስ አበባ ቢገቡ ይመርጣል። ክፉ ሰው አታድርጊው። በየወሩ ብር የሚልክ፣ ለእናቱ ሐኪም ቅርብ እንዲሆን የሚፈልግ ልጅ ነው። ለዮናስ ቤቱን እንዲሸጥ ከዋሽንግተን በኤምባሲ በኩል ውክልና ይልክለታል። ውክልና ደግሞ ኮፒ ይፈልጋል። ዮናስ ከተማ ውስጥ ሌላ ማሽን ይፈልጋል፣ መብራት የለም ወይም ቀለም አልቋል። በመጨረሻ ወረቀቱን አጣጥፎ አዜብ ጋ ይመጣል። እሷ ወረቀቱን መስታወቱ ላይ ትገለብጣለች። መጀመሪያ የምታየው የቤት ቁጥሩን ነው። የእሷ ቤት ቁጥር ቀጣይ ነው። «ስንት ኮፒ?» ትላለች። «ሦስት» ይላታል። ታነሳለች፣ ሒሳብ ትቀበላለች። ስለ ወረቀቱ አንድም ቃል አይነጋገሩም።

ከዚህ በኋላ ስልሳ ገጽ ያህል አንባቢው አያስቀምጥሽም። ታውቃለች፤ ማወቋን ያውቃል። የሙያዋ ምስጢር ስለሆነ ለእናቷ መናገር አትችልም። በየቀኑ አብረው ቡና ይጠጣሉ። እናትየው ራሳቸው ቤቱ ሊሸጥ እንደታሰበ አያውቁም ይሆናል። አሁን ተቀናቃኙ ማን ሆነ? ቤቱ ነው። ያ ባለ ቪ8 አላስፈለገንም።

ስለ ወሬ ደግሞ ትንሽ። ወሬኛዋን ሴትዮ ለማሳቅ ነው ያስገባሻት። ታስቃለች፣ አልክድም። ግን በትንሽ ከተማ ፍቅርን መጀመሪያ የሚያውቀው ከተማው ነው፣ ባለቤቶቹ በኋላ ነው የሚሰሙት። ማክሰኞ ዮናስ ሱቋ ገባ፣ መብራት ሄደ፣ እስኪመጣ ሃያ ደቂቃ ጠበቀ። ከዚህ ሌላ የተፈጠረ ነገር የለም። ረቡዕ ቆሎ የምትሸጠው ልጅ «አንድ ሰዓት ቆየ» አለች። ሐሙስ ባለ ባጃጁ «በሩን ዘግተው ነበር» አለ። ዓርብ ደብረ ብርሃን ለሕክምና የሄዱት የዮናስ እናት እዚያው ወረፋ ላይ ሰሙት። ቅዳሜ ወሬው ለራሱ ለዮናስ ደረሰ። እሱ እስከዚያ ቀን ድረስ ስለ አዜብ እንደዚያ አስቦ አያውቅም ነበር። ወሬው ነው ያሳሰበው። ይህን ብታደርጊው ፍቅሩ የተጀመረው በሐሜት ይሆናል፤ እኔ እንደዚህ ዓይነት አጀማመር በአማርኛ እምብዛም አላየሁም።

አሁን የሚገናኙበትን ቦታ እንይ። ምዕራፍ አንድን በጥምቀት ጀምረሻል። ሎሚ አለ፣ ጥልፍ ቀሚስ አለ፣ ሆታ አለ። ጥምቀትን ለሌላ ሰው ተይለት። በዓሉ ሳይሰለች ሎሚው ሰልችቷል። እኔ ብሆን ለቅሶ ቤት አገናኛቸዋለሁ። አትሳቂ። አንድ ወጣትና አንዲት ወጣት ሌሊቱን ሙሉ አብረው እየሠሩ ማንም የማይጠረጥርበት ቦታ ለቅሶ ቤት ነው። የእድሩ ጥሩምባ ይነፋል። ዮናስ ድንኳን ይተክላል፣ አግዳሚ ወንበር ይሸከማል። አዜብ ንፍሮ ትቀቅላለች፣ ስኒ ታጥባለች። እሷ ባልዲ ትሰጠዋለች፣ እሱ ውኃ ሞልቶ ያመጣል። ሽማግሌዎቹ ድንኳኑ ውስጥ ካርታ ይጫወታሉ። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ብርዱ ይጠናል፣ ጉሙ ድንኳኑ ውስጥ ይገባል። አንድ ጋቢ ነው ያለው። ጋቢው ለማን ይሰጣል? ደስታም ኀዘንም አብሮ ያለበት ትዕይንት ነው፣ ለዚያውም ምንም ሳይባባሉ። የሞተውን ሰው ሁለቱም የሚወዱት አድርጊው። የሠፈሩን አሮጌ ጫማ ሰፊ ለምሳሌ። ሐሰተኛ ለቅሶ አታስለቅሺን።

የምቆይበት ነገር ቢኖር ንግግሩ ነው። ምዕራፍ ሦስት ላይ ዮናስ በር ላይ ቆሞ «ከመጀመሪያዋ ቀን ጀምሮ ልቤን ሰርቀሽዋል» ይላታል። እውነቱን ልንገርሽ? ይህ ሰው ደብረ ሲና አልተወለደም። በአማርኛ ድምፅ ከተለወጠ የውጭ ድራማ ነው የመጣው። የመጀመሪያዋ ቀንስ የትኛዋ ናት? ከልጅነቷ ጀምሮ ያውቃታል እኮ!

እኛ ፍቅርን የምንናገርበት መንገድ አለን። «በልተሻል?» አንዱ ነው። «አምሽተሽ አትምጪ» ሌላው ነው። ምግብ ቤት ያለው ሰው ለሚወዳት ልጅ ምን እንደሚል ማሰብ ከባድ አይደለም። አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ አንድ ልጅ በክዳን የተሸፈነ ሳህን ይዞ ሱቋ ይመጣል። «ማን ላከው?» «እንጃ፣ ስጣት ተብዬ ነው።» ይሄው ነው።

ከዚያ ደግሞ አጠራሩ አለ። ሌሎች ደራሲዎች «እርስዎ» ብለው ጀምረው «አንተ» ላይ ሲደርሱ አንባቢ ልቡ ይመታል። አንቺ ያ ደረጃ የለሽም። ከልጅነታቸው አንተና አንቺ ናቸው። ግን የተሻለ አለሽ። እሱ 33 ዓመቱ ነው፣ እሷ 26። ልጅ እያለች ምን ብላ ትጠራው ነበር? እርግጠኛ ነኝ «ጋሽዬ» ትለው ነበር። አሁን ተመልሶ ሲመጣ ምን ትበለው? «ጋሽዬ» ካለች ታላቅ ወንድሟ አደረገችው። «ዮናስ» ካለች ደፈረች። አንቺ በቀጥታ «ዮናስ» አስብለሻታል፣ ያለ ምንም ትግል። እኔ ብሆን መቶ ገጽ ሙሉ ስሙን አላስጠራትም። «ስማ»፣ «ይኸውልህ»፣ «አንተዬ» እያለች ትዞረዋለች። እናቱ ፊት ሲሆንማ «ልጅዎ» ትላለች። አንድ ቀን፣ በማትጠበቅበት ቦታ፣ ምናልባት አውቶቡስ ጣቢያ ግርግር ውስጥ ከኋላው ሆና «ዮናስ!» ብላ ትጣራ። አንባቢው ከመሳም የበለጠ ይደነግጣል። ዮናስም እንደዚያው።

ቡናውን አትቀንሺ። ይህን የምልሽ በራሴ ጥፋት ምክንያት ነው። ከዓመታት በፊት አንድ ደራሲ ረቂቅ ይዞልኝ መጣ። የቡና ትዕይንት በዛ ብዬ ግማሹን አስወጣሁት። መጽሐፉ ሲወጣ ሰዎቹ ለምን እንደተጣሉ አንባቢ አልገባውም። ነገሩ የተባለው በቡናው መሀል ነበር። ደራሲው እስከ ዛሬ ሰላም ይለኛል፣ ጨዋ ሰው ነው። ያንቺ ችግር የቡናው መብዛት አይደለም። አምስቱም ቡናዎችሽ አንድ ዓይነት መሆናቸው ነው። ቄጤማ፣ ዕጣን፣ ፈንዲሻ፣ ሳቅ። እያንዳንዱ ቡና አንድ ነገር ይለውጥ። እንዴት ለማለት እንደፈለግኩ ለማሳየት የምዕራፍ አራቱን ቡናሽን በራሴ እጅ ሞክሬዋለሁ፦

አዜብ ፍሙን እያራገበች ነው። የዮናስ እናት ከበርጩማቸው ሆነው ረከቦቱን አዩ። ቤት ውስጥ ያሉት አምስት ሰዎች ናቸው። የተደረደረው ስኒ ስድስት ነው።

«ሰው ይመጣል እንዴ?»

«ኧረ ማንም አይመጣም እትዬ።»

«ስድስት ነው ያቀረብሽው።»

አዜብ ስድስተኛውን ስኒ አነሳች። ወደ ብርሃኑ አዙራ አየችው። በነጠላዋ ጫፍ ጠራረገችው። ከዚያ እዚያው ቦታው ላይ መልሳ አስቀመጠችው።

«የተሰነጠቀ መስሎኝ ነው» አለች።

እናቷ ፈንዲሻውን ለማዞር ተነሳች። ሌሎቹ ስለ ጤፍ ዋጋ ያወራሉ። አቦሉ ተቀዳ፣ ቶናው ተቀዳ። በረካው ሲደርስ ስድስተኛው ስኒ ገና ደረቅ ነበር። የዮናስ እናት ነጠላቸውን አጣፍተው ተነሱ። በሩ ጋ ሲደርሱ ዞር አሉ።

«ነገ በጊዜ ይገባል» አሉ። ማን እንደሚገባ አልተናገሩም።

በቃ። ማንም «እወዳለሁ» አላለም። ግን እናትየው አወቁ። ማወቃቸውንም ነገሯት። መፍቀዳቸውን ወይም ማስጠንቀቃቸውን ግን አልነገሩንም። አንባቢሽ ይህን ለማወቅ ገጹን ይገልጣል። ስኒውን ያገኘሁት ካንቺው ጽሑፍ ነው፤ «ስኒ ደረደረች» ብለሽ አልፈሽው ነበር።

ስለ ከተማው። ደብረ ሲናን የምታውቂያት መሆኑ ያስታውቃል። ከአዲስ አበባ 190 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ያለች፣ የደሴ መንገደኛ ወርዶ ምግብ የሚበላባት፣ ቆሎ ሻጮች የአውቶቡስ መስኮት የሚሻሙባት ከተማ ናት። ግን ይህን ሁሉ በአንድ ገጽ ዘርግፈሽዋል፣ እንደ አስጎብኚ። ጣሊያን የቆፈረው ዋሻ ሳይቀር ከነታሪኩ መጀመሪያው ገጽ ላይ አለ። አዜብ ዋሻውን በየቀኑ አታስበውም። የምታስበው ጉም በወረደ ቀን አውቶቡሱ ስለሚዘገይ ነው። አውቶቡስ ከዘገየ የዮናስ ምግብ ቤት ወጡ ይተርፋል። ወጥ ከተረፈ ሳህን ይላካል። አየሽ፣ ጉሙ ሥራ አገኘ። አውቶቡሱም እንደዚያው። በቀን ስንት መቶ ሰው ለሠላሳ ደቂቃ ወርዶ በልቶ ይሄዳል። በሚያልፍ ሰው መሀል የቀሩ ሁለት ሰዎች ናቸው። ዮናስ ራሱ በአውቶቡስ ሄዶ በአውቶቡስ የመጣ ሰው ነው። አዜብ አውቶቡስ በተነሳ ቁጥር ምን ይሰማታል?

አንድ ነገር ሳትወስኚ አትቀጥይ። ታሪኩ በየትኛው ዓመት ነው? የትም አልጻፍሽም። በኅዳር 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ እስከዚያ አካባቢ ደርሶ ብዙ ሰው ወደ ደብረ ብርሃን ሸሽቷል። ታሪክሽ ከዚያ በኋላ ከሆነ ማንም ሰው ያንን ወር ያልኖረ መስሎ ቡና አይጠጣም። ጦርነቱን እንድትተርኪ አልጠይቅሽም። አንድ ጥያቄ ብቻ መልሺ፤ የሸሸው ቤተሰብ ቁልፉን ለማን ሰጠ? የቀረውስ ማን ነው? ከሁለቱ ቤት አንዱ ሄዶ አንዱ ቀርቶ ከሆነ ያ ነገር በመካከላቸው ተቀምጧል። ይህን ካልፈለግሽው ታሪኩን 2008 ላይ አድርጊውና ተገላገይ። ሁለቱም ይሆናል። መሀል ላይ መንሳፈፍ ግን አይሆንም።

ሌላው ቀላል ነው። ምዕራፍ በምዕራፍ በእሷ ዓይንና በእሱ ዓይን ማፈራረቅሽ ጥሩ ነው፣ ቀጥይበት። አንዳንድ ቦታ በአንድ ገጽ ውስጥ ከእሷ ጭንቅላት ወደ እሱ ትዘያለሽ፣ እሱን አስተካክዪ። የአየር ሁኔታ ገለጻ ግማሹ ይውጣ። «ድንገት» የሚለውን ቃል በኮምፒውተርሽ ፈልጊና አብዛኛውን ሰርዢ።

ወደ መጨረሻው እንሂድ። በአጭር ታሪኩ ላይ ሠርግ ነው ያልሽው፣ ድንኳንና ሙዚቃ። ሠርግማ ሁላችንም ሄደናል። እኔን የሚማርከኝ ከዚያ አንድ ደረጃ በፊት ያለው ነው፤ ሽምግልናው። ዮናስ ሽማግሌ ሊልክ ነው። ወደ ማን? ወደ ጎረቤቱ። ማንን ይልካል? በከተማው የተከበሩት ሽማግሌዎች የእድሩ ሊቀ መንበር፣ ጡረተኛው መምህርና ቄሱ ናቸው። ሦስቱም የአዜብ ቤት ቡና ጠጪ ናቸው። የአዜብ እናት ሽማግሌ ቢያስፈልጋት የምትጠራውም እነሱኑ ነው። ባለፈው ሳምንት እዚያው ቤት ቁጭ ብለው ስለ ዮናስ ሲያሙ ነበር። አሁን ነጭ ጋቢ ለብሰው እንደ እንግዳ ሊመጡ ነው። ይህን ሳትስቂ ጻፊው፣ አንባቢው ራሱ ይስቃል።

ሁለቱ ቤቶች ሃያ ዓመት የሚገናኙት በጓሮ ነው። ቆርቆሮው ተነስቶ በተከፈተችው ቀዳዳ። ሳህኑም፣ እርሾውም፣ ልጆቹም በእሷ ነው ያለፉት። ሽማግሌዎቹ የሚነሱት ከዮናስ ቤት ነው። በቀዳዳዋ ቢገቡ ስድስት እርምጃ ነው። ቄሱ ወደ ጓሮ ሊያመሩ ሲሉ መምህሩ ክንዳቸውን ይይዛሉ። «ዛሬስ በመንገድ ነው» ይላሉ። በዮናስ ቤት ዋና በር ይወጣሉ። አስፋልቱን ይዘው በቆሎ ሻጮቹ ፊት ያልፋሉ፣ ሰው ሁሉ እያየ። የአዜብን ቤት የብረት በር ያንኳኳሉ። በሩ ከተከፈተ ስለማይታወስ ማጠፊያው ዝጓል። አዜብ ከውስጥ ትሰማለች። እናቷ ቁልፉን ፍለጋ መሳቢያ ታገላብጣለች። ሽማግሌዎቹ ውጪ ቆመዋል፣ ካልተፈቀደላቸው አይቀመጡም፣ ለመቆም ደግሞ ገና አልገቡም። የዮናስ እናት በጓሮው ቀዳዳ አንገታቸውን ብቅ ያደርጋሉ።

«ትርፍ ቁልፉ እኔ ጋ ነው» ይላሉ።

ይህን ምዕራፍ መጀመሪያ ጻፊውና ላኪልኝ። 180ዎቹን ገጾች ከዚያ በኋላ እናያቸዋለን።